ከሰማይ የወረደ ግዝት

በ1922 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም፣ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ በጋይንት በኩል ወደ ምሥራቅ በዘመተ ጦር ላይ ከሰማይ ወረቀት ወረደ። ጦሩ የበጌምድር ገዥ የራስ ጉግሣ ወሌ ነበር። ወረቀቱን የጣሉት ደግሞ ከማዕከላዊው መንግሥት የተላኩ አውሮፕላኖች ናቸው።

ከወረቀቱ በኋላ ቦምብ መጣ። መጋቢት 22 ቀን አንቺም በተባለው ሜዳ ጦርነት ሆነ፤ ራስ ጉግሣ ሞቱ፤ ጦራቸውም ተበተነ። የታሪክ መጻሕፍት ይህን ቀን የሚያነሱት አብዛኛውን ጊዜ በአውሮፕላኑ ምክንያት ነው። አውሮፕላን በአገራችን ጦርነት ውስጥ ሲገባ የመጀመሪያው ነበርና። እኔ ዛሬ ላወራችሁ የፈለግሁት ግን ስለ ወረቀቱ ነው።

የሥነ ጽሑፍ ዘዴ ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን የአማርኛ ክፍለ ጊዜ ነው። አነጻጻሪ፣ ተለዋጭ፣ ሰውኛ፣ እንቶኔ። ምሳሌ ስጥ፣ አስምርበት፣ አዛምድ። ፈተናው ሲያልፍ እሱም አብሮ ያልፋል። ጽሑፍ ሰው ላይ ምን እንደሚሠራ በትክክል ለማየት ግን የሚያነበው ሰው የሚያጣው ነገር ያለበት ቦታ መሄድ ይሻላል። አንቺም እንዲህ ያለ ቦታ ነው። እዚያ አንድ ጽሑፍ ለአንድ ወታደር «ትሄዳለህ ወይስ ትቀራለህ?» የሚል ጥያቄ አቅርቧል። መልሱም ነፍስ ነበረው።

ጆሮ የሚማርበት አገር

መጀመሪያ አገሩን እንወቀው። ዛሬ ምሥራቃዊ ደቡብ ጎንደር የምንለው፣ ላይ ጋይንት ከነፋስ መውጫ፣ ታች ጋይንት፣ ስማዳ ከወገዳ፣ እስቴ ከመካነ ኢየሱስ ጋር፣ ደጋው በበሽሎና በዓባይ ሸለቆዎች የሚቆረጥበት አገር ነው። ከበጌምድር ወደ ወሎ የሚሻገር ጦር በጋይንት ደጋ ያልፋል። ዐፄ ቴዎድሮስም በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖልን እያስጎተቱ ወደ መቅደላ የሄዱት በዚሁ በኩል ነው።

ይህ አገር ግን ከጦር መንገድነቱ ሌላ ያለው ስም አለ። ቤተልሔም የሚገኘው ጋይንት ውስጥ ነው። የቤተ ክህነት ትምህርት የሚያውቅ ሰው «ቤተልሔም» ሲባል ወዲያው የሚመጣለት ድጓ ነው። ከአራቱ የታወቁ የዜማ ስልቶች፣ ከቤተልሔም፣ ከአጫብር፣ ከቆማና ከተጉለት፣ አንዱ ስሙን ያገኘው ከዚህ ነው። የድጓ ተማሪ ከየአገሩ ተምሮ ተምሮ በመጨረሻ የሚያስመሰክረው እዚያ ሄዶ ነው። በግራኝ ጦርነት ጊዜ መጻሕፍት ሲጠፉ ድጓው ቤተልሔም ተርፎ እንደቆየም በትውፊት ይነገራል።

ታዲያ ድጓ ከአንቺም ወረቀት ጋር ምን አገናኘው? ይኸውላችሁ። የድጓ መጽሐፍ ስትገልጡ ከፊደሉ በላይ ጥቃቅን ምልክቶች ታያላችሁ። ይዘት፣ ደረት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ሂደት፣ ድፋት፣ ርክርክ፣ ቁርጥ ይባላሉ። ድምፁ የት እንደሚያዝ፣ የት ወደ ደረት እንደሚወርድ፣ የት እንደሚቀና፣ የት እንደሚቆረጥ ይናገራሉ። በዚያ ላይ ሦስቱ የቅዱስ ያሬድ ዜማዎች አሉ፦ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ። ያው ቃል በግዕዝ ሲባል ጠንከር ይላል፤ በዕዝል ሲባል ይከብዳል፣ የሐዘን ጥላ ያርፍበታል፤ በአራራይ ሲባል ይራራል።

ይህ ማለት እዚህ አገር፣ ጽሑፍ ማለት ዓይን ብቻ የሚያየው ነገር ሆኖ አያውቅም። የተጻፈ ቃል የሚሰማ ቃል ነው። ማን እንዳለው፣ በምን ድምፅ እንዳለው፣ መቼ እንዳለው ከትርጉሙ አይነጠልም። ፊደል ያልቆጠረው ገበሬ እንኳ በየበዓሉ ቆሞ ሲያስቀድስ፣ ሲያነግሥ፣ ሲቀብር የኖረ ነው። ምልክቶቹን በስም አያውቃቸውም፤ ሥራቸውን ግን ያውቃል። ዕዝል ሲሰማ ሆዱ ይባባል። የዛሬ ጸሐፊ «ቶን» የሚለውን ነገር የጋይንት ጆሮ ከጥንት ጀምሮ የሚያውቀው ነው።

ወረቀቱ የወረደው እንዲህ ያለ ጆሮ ባላቸው ሰዎች ላይ ነው።

ባለመጽሐፉ ራስ

ራስ ጉግሣ ወሌ የራስ ወሌ ብጡል ልጅ፣ የእቴጌ ጣይቱ የወንድም ልጅ ናቸው። መጽሐፍና ግጥም የሚወዱ፣ ጾም ጸሎት የሚያዘወትሩ ሰው እንደነበሩ ይነገርላቸዋል። የምኒልክን ልጅ ዘውዲቱን አግብተው ነበር።

መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሌላ የተነበበ ቃል ነበር። መኳንንቱ ልጅ ኢያሱን ከሥልጣን ሲያወርዱ፣ ሊቀ ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስ ሕዝቡን ለኢያሱ ከገባው ቃል ኪዳን ፈቱት። መሐላ ያሰረውን ሰው የሚፈታ ሌላ ቃል መሆኑ ነው። በዚያ ቀን ዘውዲቱ ንግሥተ ነገሥታት፣ ተፈሪ መኰንን አልጋ ወራሽ ሆኑ። ጉግሣ ደግሞ ከባለቤታቸው ተለይተው ወደ በጌምድር ግዛት ሄዱ። ሚስት ዘውድ ደፋች፤ ባል ደብረ ታቦር ተሸኘ።

ከዚያ ወዲህ 13 ዓመት አለፈ። ተፈሪ መስከረም 27 ቀን 1921 ዓ.ም. ንጉሥ ተባሉ። በደብረ ታቦርና በአዲስ አበባ መካከል ያለው ቅሬታ እያደር ከረረ። ደብዳቤ ተመላለሰ፤ አልበረደም። በመጨረሻ ጉግሣ ዐመፀኛ ተባሉና የጦር ሚኒስትሩ ደጃዝማች ሙሉጌታ ይገዙ ጦር ይዘው ዘመቱባቸው።

የመጀመሪያው አውሮፕላን አዲስ አበባ ያረፈው በነሐሴ 1921 ዓ.ም. ነው። አንቺም ድረስ የቀረው ሰባት ወር ብቻ ነበር። አስቡት፤ ከአዲስ አበባ ውጭ ያለው ሰው አብዛኛው አውሮፕላን የሚባል ነገር በዓይኑ አላየም። ከሰማይ የሚወርድ ነገር ለእሱ ዝናብ፣ በረዶ፣ መብረቅ ነው። ወይም የእግዚአብሔር ቁጣ።

አራቱ ዘዴዎች

ወረቀቱ ሁለት ነገር ይዞ ነበር። አንደኛው የመንግሥት አዋጅ ነው፦ ጉግሣ ዐምፀዋልና ተለዩዋቸው። ሁለተኛው የሊቀ ጳጳሱ የአቡነ ቄርሎስ ግዝት ነው፦ እሳቸውን የሚከተል የተወገዘ ይሁን። ቃል በቃል አልጠቅሰውም። የሚያስፈልገን አሠራሩ ነውና፣ ክሩን አንድ በአንድ እንምዘዘው።

የመጀመሪያው ዘዴ የተናጋሪው ማንነት ነው። ማንኛውም ጽሑፍ «እኔ ማን ነኝ?» የሚለውን ይመርጣል። ይህ ወረቀት የመጣው በዙፋኑ ስም ነው። ዙፋኑ ላይ ያሉት ደግሞ ዘውዲቱ ናቸው። ራስ ጉግሣ ከተፈሪ ጋር ነው ጠቤ ሊሉ ይችላሉ፤ ወታደራቸውም እንደዚያ ብሎ ሊያስብ ይችላል። በመንግሥት ስም የተጻፈ ቃል ግን ይህን በር ይዘጋዋል። ጠቡ ከዘውድ ጋር ሆኖ ይገኛል። ያውም የጉግሣ የራሳቸው ሚስት ከነበሩት ሴት ዘውድ ጋር። የተፈሪ ስም ያነሰ ያህል፣ የወረቀቱ ጉልበት ይበልጣል።

ሁለተኛው የአድራሻው ነገር ነው። ወረቀቱ ስለ ጉግሣ ይናገራል እንጂ ለጉግሣ አይናገርም። የሚናገረው ለተከታዩ ነው። ይህን ቀላል አድርጋችሁ አትዩት። ጦር ሲዘምት «እኛ» ይላል፤ ጌታና ሎሌ አንድ አካል ነው። ወረቀቱ ወደዚያ አካል መሃል ገብቶ አንዱን ነጥሎ «አንተ» ይለዋል። አንድ ሺህ ሰው አብሮ ሲሰማው እንኳ እያንዳንዱ ብቻውን የተጠራ ይመስለዋል። ነፍስ ደግሞ በደቦ አትጸድቅም፤ በደቦም አትኮነንም። የግዝት ቋንቋ ጉልበቱ ከዚህ ይመነጫል፤ ጭፍራን አፍርሶ ሰው ያደርገዋል።

ሦስተኛው የተከፈተ በር ነው። ግዝት ቅጣት ብቻ ቢሆን ኖሮ የሚፈራው ሰው ተስፋ ቆርጦ ይዋጋ ነበር። ይህኛው ግን በ«ቢሆን» የቆመ ዐረፍተ ነገር ነው። ብትከተል ትወገዛለህ። ብትተወውስ? መልሱን ወረቀቱ አይጨርሰውም፤ ሰሚው ራሱ ይጨርሰዋል። ጥሩ ደራሲም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ግማሹን ይጽፍና ግማሹን አንባቢው ልብ ውስጥ ያስጽፈዋል። ሰው ደግሞ ራሱ የደረሰበትን ሐሳብ ከሌላ ሰው ከሰማው ይልቅ ያምነዋል።

አራተኛው ጊዜው ነው። የዚያ ዓመት ፋሲካ ሚያዝያ 12 ቀን ስለነበር፣ ወረቀቱ የወረደው በዐቢይ ጾም እኩሌታ ላይ ነው። የጋይንት፣ የእስቴ፣ የስማዳ ክርስቲያን በዚያ ሰሞን ሥጋና ወተት ከተወ ሳምንታት አልፈውታል፤ ሊቆርብ፣ ሊያስፈታ፣ ትንሣኤን ሊያይ እየጠበቀ ነው። በዚህ ሰዓት «ተወግዘሃል» ማለት ሌላ ጊዜ ከማለት ጋር አንድ አይደለም። ያው ቃል በዕዝል ተባለ ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን ከአራቱም በላይ ያስገርመኛል። ብዙው ወታደር ማንበብ አይችልም ነበር። ታዲያ ወረቀቱን ማን አነበበለት? በዚያ ዘመን ጦር ውስጥ ፊደል የሚያውቀው አብዛኛውን ጊዜ ካህን ወይም ደብተራ ነው። ያም ማለት፣ ከጠላት ሰፈር የተላከው ግዝት ለወታደሩ ሊደርስ የሚችለው በራሱ ቄስ አፍ ነው። የንስሐ አባቱን ድምፅ በለመደ ጆሮ። ወረቀቱን የጻፈው ሰው አንባቢውን ብቻ ሳይሆን አንባቢው የሚያምነውን ድምፅም ተዋሰ። ይህን ታስቦበት የተደረገ ነው ብዬ መማል አልችልም። ውጤቱ ግን ያው ነው።

ግዝት ሁልጊዜ አይሠራም

እስካሁን ያልኩት «ጥሩ ጽሑፍ ጦር ይፈታል» የሚል ተረት እንዳይመስላችሁ፣ የዚያው አገር ታሪክ ሌላም ምስክር አለው።

በ1834 ዓ.ም. ደጃዝማች ውቤ ከራስ ዓሊ ጋር ደብረ ታቦር ላይ ተዋጉ። አዲሱ ጳጳስ አቡነ ሰላማ ከውቤ ወገን ነበሩ፤ የሃይማኖቱም ቃል በዓሊ ላይ ነበር። ውቤ ድል አደረጉ። ነገር ግን ድሉን ሳያጣጥሙት የዓሊ ወገን የሆኑት ብሩ አሊጋዝ ድንገት ደርሰው ማረኳቸው። ጳጳሱም አብረው ተማረኩ። የጳጳስ ቃል በእጅ ስላለ ብቻ ቀኑ የእኔ ነው ማለት አይቻልም።

በ1909 ዓ.ምም እንዲሁ ነው። አቡነ ማቴዎስ ቃል ኪዳኑን ፈቱ፤ ንጉሥ ሚካኤል ግን ስለ ልጃቸው ስለ ኢያሱ ከወሎ ጦር ይዘው መጡ። ሰገሌ ላይ ጥቅምት 17 ቀን እጅግ ደም የፈሰሰበት ጦርነት ሆነ። ተሸነፉ፤ የተሸነፉት ግን ሰዎቻቸው ቃሉን ሰምተው ስለበተኗቸው አልነበረም። ተዋግተው ነው።

ታዲያ አንቺም ላይ ምን ተለየ? ሐቁን እንናገር። ከወረቀቱ ጋር ቦምብ ነበር፤ መትረየስና መድፍ ነበር፤ የሙሉጌታ ጦር ብርቱ ነበር። ከጉግሣ ጦር የከዳው ሰው ግዝቱን ፈርቶ ነው ወይስ ቦምቡን? ሁለቱን በሚዛን ለያይቶ መመዘን አይቻልም፤ ወረቀቱም ቦምቡም የመጡት በአንድ ክንፍ ነው። ይህ ራሱ ግን አንድ ነገር ያስተምራል። ቃል ብቻውን ሲመጣ ሰው ይከራከረዋል፤ ቄሱን ይጠይቃል፣ ከጓደኛው ጋር ይመክራል፣ ያድርበታል። ከማያውቀው ግዙፍ ኃይል ጋር ሲመጣ ግን መከራከሪያ ጊዜ ያጣል። በሰማይ የሚያጓራውን ነገር ያየ ሰው «ከላይ የመጣ ቃል» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር መሆኑ ይቀርበታል።

ሌላም አለ። ጉግሣ መልስ የሚሰጡበት መሣሪያ አልነበራቸውም። አዲስ አበባ ማተሚያ ቤት ነበረ፤ ከ1917 ዓ.ም. ጀምሮ ብርሃንና ሰላም ጋዜጣ ይወጣ ነበር። ደብረ ታቦር ያለው ነጋሪት ነው። ነጋሪት ደግሞ የሚሰማው ድምፁ እስከደረሰበት ድረስ ነው። ግጥም ወዳዱ ሰው የተሸነፉት በጠመንጃ ብቻ አይደለም። የእሳቸው ቃል በፈረስ ሲሄድ፣ የተቃዋሚዎቻቸው ቃል ይበር ነበር።

የሁለት ቀን ታሪክ

ጉግሣ የሞቱት መጋቢት 22 ቀን ነው። ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ያረፉት መጋቢት 24 ቀን ነው።

አሁን ልባችሁ ምን አለ? «የባሏን ሞት ሰምታ ነው» አላለም? ይህ አባባል ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሲነገር ኖሯል። በሌላ ወገን ደግሞ ዘውዲቱ ቀድሞም ታመው እንደነበር፣ በጾሙም እንደተጎዱ የሚናገሩ አሉ። እኔ ግን ሁለቱን ዐረፍተ ነገሮች ጎን ለጎን አስቀመጥኩ እንጂ «ስለዚህ» አላልኩም። «ስለዚህ»ን ያስገባችሁት እናንተ ናችሁ።

ሁለት ነገሮችን አጠጋግቶ ማስቀመጥና አንባቢው እንዲያያይዛቸው መተው፣ ከድርሰት ዘዴዎች ሁሉ ምናልባት በጣም ጸጥተኛውና በጣም ብርቱው ነው። ውሸት አልተናገረም፤ ማንም ሊከሰው አይችልም። ሥራውን ግን ይሠራል። ዜና ጸሐፊም፣ ልብ ወለድ ደራሲም፣ አልቃሽም ይጠቀሙበታል።

ከአንቺም በኋላ የተጻፈውን ስታነቡ ይህን ልብ በሉ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» በተባለው መጽሐፋቸው የዘመኑን ነገር ከራሳቸው ወገን ተርከዋል። አሸናፊ ሲጽፍ ነገሩ ሁሉ መጀመሪያም ወደዚያው የሚያመራ ይመስላል። መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ ደግሞ ከ1896 እስከ 1922 ዓ.ም. ያለውን ትዝታቸውን ሲጽፉ «ካየሁትና ከሰማሁት» የሚለውን አርእስቱ ላይ አኖሩት። ይህም ዘዴ ነው። ያየሁት አለ፣ የሰማሁት አለ፣ ለይታችሁ እመኑኝ ማለት ነው። አንባቢን ከሚያስገድድ ጽሑፍና አንባቢን ከሚያከብር ጽሑፍ መካከል ያለው ልዩነት አንዳንዴ እንዲህ በአንድ ሐረግ ይታያል።

ዛሬም ይወርዳል

የ1922ቱ ወታደር ወረቀት የወረደበት በዕድሜው አንዴ ቢሆን ነው። በእኛ ላይ ግን በየቀኑ ይወርዳል። ጠዋት ስልካችንን ስናነሣ ማን እንደላከው የማናውቀው ጽሑፍ፣ ድምፅ፣ ቪዲዮ አለ። «አንተ» እያለ ነጥሎ የሚጠራ። በሕዝብ ስም፣ በሃይማኖት ስም፣ በእናት ስም የሚናገር። «ዝም ካልክ…» ብሎ ጀምሮ ቀሪውን ለእኛ የሚተው። ሁለት ፎቶ አጠጋግቶ «ስለዚህ»ን እኛ እንድንጨምር የሚጠብቅ። ደግሞም በምናምነው ሰው እጅ የሚደርሰን፤ አክስት፣ የድሮ የክፍል ጓደኛ፣ የሰፈር ልጅ ፎርዋርድ አድርጎት። ልክ ግዝቱ በወታደሩ ቄስ አፍ እንደደረሰው።

ይህን የምለው ጽሑፍን እንድትፈሩ አይደለም። ያው ዘዴ ሰውን ያጽናናል፣ ያስታርቃል፣ ሙት ያስለቅሳል፣ ጋይንት ላይ ለዘመናት አምላክ ሲመሰገንበት ኖሯል። ዕዝል የሚያባባው ሊያታልል ፈልጎ አይደለም። ሆዱ የሚባባ ሰውም ሞኝ አይደለም። ችግር የሚመጣው ተነካሁ ማለትና አመንኩ ማለት አንድ ነገር ሲመስሉን ነው።

የድጓ ተማሪ ሁለቱን መለየት ይማራል። ዜማውን ጆሮው እስኪጠግብ ከሰማ በኋላ፣ ቁጭ ብሎ ድጓውን በእጁ ይጽፋል፤ ከእያንዳንዱ ፊደል በላይ ምልክቱን እያኖረ። የቱ ላይ ድምፁ እንደተያዘ፣ የቱ ላይ እንደተቆረጠ፣ የቱ ላይ ልቡን እንዳንቀጠቀጠው ያውቃል። ያ ማወቅ ዜማውን አያረክስበትም። እንዲያውም ከዚያ በኋላ ሲያዜም የሚያደርገውን እያወቀ ያደርገዋል።

አንቺም ላይ ያ ወታደር ለዚህ ጊዜ አላገኘም። ከላዩ ሞተሩ እያጓራ፣ በእጁ ወረቀት ይዞ፣ አንድ ቄስ እያነበበለት፣ የሚወስነው በዚያችው ሰዓት ነበር። እኛ ስልኩን አስቀምጠን እስከ ነገ ማሳደር እንችላለን።